ፓይና ዘጠኝ ሰዓት

የአፕል ፓይ ሊጥ አይታሽም። ድፎ ዳቦ ሲደፋ እያየ ላደገ ሰው ይህን መንገር፣ ሕፃን አይታጠብም ብሎ እንደ መምከር ነው። እኛ ዘንድ ለሊጥ ርኅራኄ የለም። እናት እጅጌዋን ሰብስባ፣ ገበቴው ላይ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት ጡጫዋ ስታሸው፣ ስታገላብጠው፣ ደግማ ስትጫነው ግንባሯ ካላላበ «ገና ነው» ይባላል። ዳቦው ቢሰነጠቅ ሰበብ አይፈለግም፤ ያሸችው ልጅ ትታወቃለች። ባልትና የሚጀምረው ከክንድ ነው።

የፓይ ሕግ ሌላ ነው። ቅቤው ከፍሪጅ እንደ ወጣ፣ ገና ድርቅ እንዳለ፣ በቢላዋ ይከታተፍና ዱቄቱ ውስጥ ይጣላል። መጠኑን ለሚፈልግ ሰው፦ ሁለት ኩባያ ተኩል የፉርኖ ዱቄት፣ 225 ግራም ያህል ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር። ይህ ለታችኛውም ለላይኛውም ቂጣ ይበቃል። ቅቤውን በጣት ጫፍ እየቆነጠሩ፣ ትልልቁ የአተር ፍሬ እስኪያክል ማፍረክረክ። ከዚያ በረዶ የገባበት ውሃ በሾርባ ማንኪያ እየሰፈሩ፣ ስድስት፣ ቢበዛ ስምንት፣ ጠብ ጠብ ማድረግ። ጭብጥ ሲያደርጉት መያያዝ ከጀመረ እጅን ማንሳት። አለቀ። ለሁለት ከፍሎ፣ ጠፍጠፍ አድርጎ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ቢያንስ አንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ማስተኛት ነው።

ይህ የሰነፍ አሠራር የሚመስለው ቡኮን ብቻ ለሚያውቅ ነው። ዱቄት ውሃ አግኝቶ ሲታሽ ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲን የሚለጠጥ መረብ ይሠራል። እርሾው የሚያወጣውን አየር አፍኖ ይዞ ዳቦን የሚያነሣው ይኸው መረብ ነው። ፓይ ላይ ሲሆን ግን ቂጣውን ያጠነክረዋል፣ ኦቨን ውስጥም ያኮማትረዋል። ቅቤው ሳይዋሃድ የሚተወው ደግሞ የራሱ ሥራ ስላለው ነው። አሜሪካ ውስጥ ቅቤ ተብሎ የሚሸጥ ነገር በሕግ ቢያንስ 80 በመቶ ስብ መሆን አለበት፤ ከቀረው አብዛኛው ውሃ ነው። ኦቨኑ ሲግል ያ ውሃ ይተንና እንፋሎቱ ሊጡን ገፋ ገፋ ያደርገዋል፤ ቅቤው ቀልጦ በለቀቀው ቦታ ክፍተት ይቀራል። ሹካ ሲነካው ቅጠል ቅጠል እያለ የሚረግፈው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ይህ ምግብ ከሠሪው የሚፈልገው ትልቁ ሙያ እጅን መሰብሰብ ነው። በሰው ጉዳይ እጁን መሰብሰብ ለማይሆንለት ለእኛ ዓይነቱ ሕዝብ ከዚህ የከፋ ፈተና የለም።

አማቴ ዝግጅቱን ቆመው ያዩ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ ነው፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤታችን ውስጥ ግን እንግድነት የማይሰማቸው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ኩሽናው። ጎድጓዳ ሳህኑን አዘንበል አድርገው ተመለከቱ።

«አንተ ልጄ፣ ይኼ እኮ አልተዋሃደም። ቅቤው ይታያል።»

«መታየት አለበት፣ እማማ።»

«መታየት አለበት?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ያገሩ ልማድ ከሆነ...» አሉ። አማት «እንግዲህ» ካለች ጉዳዩ አልተዘጋም ማለት ነው።

አልተዘጋምም። ስልክ ተደውሎልኝ ሳሎን ደርሼ ስመለስ ሊጡ ድቡልቡል፣ ልስልስ፣ ወዝ ያለው ሆኖ በንጹሕ ፎጣ ተሸፍኖ ጠበቀኝ። «ደህና አድርጌ አሸሁልህ፤ አሁን ሊጥ ሆነ» አሉ፣ እጃቸውን እየታጠቡ። እውነታቸውን ነው፣ እጅግ ያማረ ሊጥ ነበር። የማይችለው ነገር ቢኖር ፓይ መሆን ብቻ ነው። ማታ ምጣድ ላይ ተጋግሮ ልጆቹ በማር ጨረሱት፤ እስከ ዛሬም «ያ የአያቴ ፓይ መቼ ነው የሚሠራው?» እያሉ ይጠይቁኛል።

ሁለተኛው ክርክር የቅቤው ነበር። «ሽታ የሌለው ቅቤ ምን ያደርጋል?» ብለው ከሻንጣቸው የመጣውን ንጥር ቅቤ ሊያወጡ ተነሡ። ለክብራቸው ስል በዝርዝር አስረዳሁ። ቅቤ ሲነጠር ውሃው ተንኖ ያልቃል፤ ውሃው ካለቀ ገፋ ገፋ የሚያደርገው እንፋሎት ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ በሶብላና ኮሰረት ከስኳር ጋር ተስማምተው አያውቁም። ኮረሪማው ግን ሌላ ነገር ነው። የሚጠይቀኝ ካለ፣ ለአፕል ኮረሪማ ከገውዝ ይሻላል፤ ቀረፋውን ሳይነኩ ገውዙን በኮረሪማ ተክቶ መሞከር ነው። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ።

ሊጡ እንደገና ተሠራ፣ በዚህ ጊዜ ስልኬን ዘግቼ።

ሊጥ ፍሪጅ ውስጥ ሲያርፍ ለወሬ አንድ ሰዓት ይገኛል። የእኛ ወሬ፣ ለመሆኑ ይህ ፓይ የማን ነው ወደሚለው ሄደ። አሜሪካኖች አንድን ነገር ከእነሱ በቀር የማንም እንዳልሆነ ሊናገሩለት ሲፈልጉ ከአፕል ፓይ ጋር ያስተካክሉታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮቻቸው ለምን እንደሚዋጉ ሲጠየቁ ለእናቴና ለአፕል ፓይ ይሉ ነበር ይባላል። አንድ በአንድ ቢመረመር ግን ሳህኑ ላይ ያለው ሁሉ መጤ ነው። የአፕሉ የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከካዛኪስታን፣ ከቲየን ሻን ተራሮች ነው፤ ሰሜን አሜሪካ የራሷ የነበራት ትንንሽና ኮምጣጣ የዱር አፕል ብቻ ነበር። ስንዴው ከመካከለኛው ምሥራቅ፣ ሸንኮራው ከኒው ጊኒ፣ ገውዙ ከኢንዶኔዥያ የባንዳ ደሴቶች፣ ቀረፋው ከእስያ ነው የመጣው። አፕልን በሊጥ አድርጎ መጋገሩንም የእንግሊዝ ንጉሥ ወጥ ቤቶች በ14ኛው መቶ ዘመን ጽፈው አስቀምጠውታል። አሜሪካኖች የራሳችን የመጀመሪያው የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚሉት፣ አሚሊያ ሲመንስ በ1796 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሃርትፎርድ ላይ ያሳተመችው፣ አፕል ፓይን ከነቀረፋውና ከነጽጌረዳ ውሃው ይዟል። በአጭሩ ፓዩ ውስጥ ተወላጅ የለም፤ ዜግነቱን ያገኘው ግን ከማናችንም ፈጥኖ ነው።

ቬርሞንት ደግሞ ይባስ ብላ ሕግ አወጣችለት። በ1999 አፕል ፓይን የግዛቲቱ ፓይ ብላ ስትሰይም፣ ሲቀርብ ከጎኑ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ወተት፣ ወይም ቢያንስ ግማሽ አውንስ (14 ግራም ገደማ) የቼዳር አይብ፣ ወይም በዛ ያለ የቫኒላ አይስክሬም እንዲኖር በቅን ልቦና ጥረት ይደረግ ብላ ደነገገች። አማቴ ይህን ሲሰሙ፣

«እዚህ አገር ምክር ቤቱ ሥራ ፈቷል?» አሉ። ቀጠል አድርገውም፣ «ወተት፣ አይብ፣ አይስክሬም... የጾሙስ?»

ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። ፓዩ የሚሠራው ለታንክስጊቪንግ፣ ለአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል ነው። ታንክስጊቪንግ ኮንግረስ በ1941 እንደ ወሰነው የኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ ስለሆነ ከ22 እስከ 28 ባለው ጊዜ ይውላል። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፣ በነሱ ኖቬምበር 24፣ አንዳንድ ዓመት 25። ማስላት የሚወድ ያስላው፤ ብዙውን ጊዜ ተርኪው ገበታ ላይ የሚወጣው ጾም ከገባ በኋላ ነው። እዚህ ያለው አበሻ ከዚህ አጣብቂኝ የሚወጣበት መንገድ ብዙ ነው። «የመንግሥት በዓል ነው» የሚል አለ፤ «እንግድነት ላይ ነኝ» የሚል አለ፣ የራሱ ቤት ተቀምጦ። አማቴ ዘንድ ግን ጾም ጾም ነው፤ ያውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት። እሳቸው ሲያሹት የነበረውም ሊጥ ለሌላው ሰው እንጂ ለራሳቸው አልነበረም።

እንደ እውነቱ ከሆነ አፕል ፓይን የጾም ማድረግ ያን ያህል አያስቸግርም። ሆዱ ውስጥ ያለው አፕል፣ ስኳር፣ ሎሚ፣ ቅመምና ጭማቂውን የሚያወፍር ጥቂት ዱቄት ነው። ፍስክ የሚያደርገው ሊጡ ውስጥ ያለው ቅቤና አንዳንድ ሰው ላዩን የሚቀባው እንቁላል ብቻ ነው። ቅቤውን ከሊጡ የማስወጣቱን ሥራ ደግሞ ሌሎች አስቀድመው ጨርሰውታል። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በ1911 ክሪስኮ የሚባለውን ነጭ የአትክልት ስብ ከጥጥ ፍሬ ዘይት ሠርቶ ገበያ አወጣ። ሥጋና ወተት መቀላቀል ሃይማኖታቸው የሚከለክላቸው አይሁድ፣ ከሥጋም ከወተትም ወገን ያልሆነ ስብ ሲመጣ የሚገዙት መሆኑ ለኩባንያው ግልጽ ነበር፤ በ1933 ለአይሁድ ባለትዳሮች ብሎ በዪዲሽና በእንግሊዝኛ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደረሰ። «ይኼ ነገር ወተት አለው ወይ?» እያሉ ባለሱቅ ያደከሙ ሰዎች ከእኛ በፊት ነበሩ ማለት ነው።

አማቴ የክሪስኮውን ቆርቆሮ ተቀብለው አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት።

«ይኼስ ውሃ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ የኔ ቅቤ ምን አጠፋ?»

የሚቀልጠው ከቅቤ ዘግይቶ ነው፣ ስለዚህ ቂጣው እስኪደርቅ ድረስ በየቦታው ሳይፈስ ይቆያል፣ ንጥር ቅቤ ግን ገና እጅ ሲነካው ይላላል ብዬ አስረዳሁ። ትክክለኛ መልስ ነው። ፊታቸውን ላየ ግን ክርክሩን የረታሁት እኔ አልነበርኩም። ያም ሆኖ የጾሙ ሊጥ በክሪስኮው ተሠራ።

ማታውን እያወራን ሳለ ሌላም ነገር አነሣሁላቸው፤ አፕል የሌለው አፕል ፓይ። ብስኩት በስኳርና በሎሚ ሽሮፕ አርሶ፣ ቀረፋ ነስንሶ፣ በሊጥ ሸፍኖ መጋገር ነው፤ የበላ ሰው አፕል ነው ብሎ ይምላል። የእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ የደቡቦቹ የምግብ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ በኋላም በ1934 የወጣው ሪትዝ ብስኩት አሠራሩን ካርቶኑ ላይ እያተመ አስፋፍቶታል። ይደነቃሉ ብዬ ነበር። ሽምብራ ተቦክቶ፣ በዓሣ ቅርፅ ተቆርጦ፣ ተጠብሶ የሽምብራ ዓሣ ሆኖ የሚቀርብበት አገር ሰው በዚህ አይደነቅም።

ሐሙስ ጠዋት አፕል መላጥ ተጀመረ። ለፓይ የሚሆን አፕል በመልኩ አይመረጥም። ቀይ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ሬድ ዴሊሸስ ኦቨን ሲገባ ይልፈሰፈሳል፤ ማኪንቶሽ ሽታው ልዩ ሆኖ ሳለ ቶሎ ይፈርሳል። ቅርፁን ይዞ የሚበስለው አረንጓዴውና ኮምጣጣው ግራኒ ስሚዝ ነው፤ እሱም ቢሆን አሜሪካዊ አይደለም። ማሪያ አን ስሚዝ የተባሉ አሮጊት በ1860ዎቹ ሲድኒ አጠገብ ባለ እርሻቸው፣ የአፕል ጥራጊ ከጣሉበት ቦታ ራሱ የበቀለ ችግኝ አግኝተው አሳደጉት ይባላል። የአፕል ጠባይ እንዲህ ነው፤ ከዘሩ የሚበቅለው ዛፍ እናቱን አይመስልም። (እዚህ አገር ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ለማመን ሳይንስ አያስፈልገውም።) ጆኒ አፕልሲድ እያሉ የሚተርኩለት ጆን ቻፕማንም ኦሃዮና ኢንዲያና ድረስ እየዞረ ችግኝ ያፈላው ከፍሬ ነበር፤ ከዚያ የሚገኘው አፕል አብዛኛው ጎምዛዛ ስለሆነ ለፓይ ሳይሆን ለመጠጥ ነበር የሚውለው። የሚፈልጉትን አፕል ደግሞ ለማግኘት መንገዱ ቅርንጫፉን ወስዶ ሌላ ግንድ ላይ ማዳቀል ነው።

አማቴ መክተፊያ አይፈልጉም። አፕሉን በግራ እጃቸው መዳፍ አስቀምጠው፣ ቢላዋውን ወደ አውራ ጣታቸው እየሳቡ፣ ልጣጩን ሳይበጥሱ ከእንብርቱ እስከ ቂጡ አዙረው ያወርዱታል። ልጄ በማሽን አንዱን ሳትጨርስ እሳቸው ሦስተኛው ላይ ናቸው። ያሳዘናቸው ግን ብዛቱ ነበር። አንድ ኪሎ ተኩል ያህል፣ ሰባት ስምንት አፕል ለአንድ ፓይ! ከአርባ ምንጭ በላይ ያለችው ጨንቻ በአፕሏ ብትታወቅም፣ አዲስ አበባ ውስጥ አፕል ለብዙ ቤት ዋጋ ተጠይቆ የሚታለፍ ፍሬ ነው። «ጥሬውን የሚበላ ነገር እሳት ውስጥ መክተት ግፍ ነው» እያሉ፣ ግፉን ቀጭን ቀጭን አድርገው ከተፉት።

ሎሚ ተጨመቀበት፣ እንዳይጠቁር። ሦስት ሩብ ኩባያ ስኳር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ቁንጥር ኮረሪማ ገባ። ገና ረፋድ ስለሆነ እሳቸው አይቀምሱም። ጿሚ ሴት ወጥ የምትሠራው በአፍንጫዋ እንደሆነ ረስቼው ነበር። ሳህኑን ወደ ፊታቸው አስጠጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ሳቡት፣ መለሱት።

«ጨው ይጎድለዋል።»

ልጄ ሳቀች። እኔ ወረቀቱን አየሁ። ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ይላል፤ ገና አልገባም ነበር።

መዳመጥ፣ ሳህኑ ላይ ማንጠፍ፣ አፕሉን መቆለል (ሲበስል ስለሚሟሽሽ ከፍ አድርጎ ነው)፣ በሁለተኛው ቂጣ መክደን፣ ዳሩን በሹካ መጫን፣ ይህ ሁሉ በፍጥነት ያልፋል። ላዩ ላይ እንፋሎት መውጫ መሰንጠቅ አለበት። አማቴ ቢላዋውን ከእጄ ወስደው በመስቀል ምልክት ሰነጠቁት፤ አገር ቤት ዳቦ ያለዚያ ኦቨን አይገባም። ፓዩም መተንፈሻ አገኘ፣ እሳቸውም ልባቸው አረፈ። ኦቨኑ በ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (በነሱ 425 ፋራናይት) ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ 190 ዝቅ ተደርጎ አርባ ደቂቃ ያህል፣ በመስቀሉ ስንጥቅ ጭማቂው ወፍሮ መንተክተክ እስኪጀምር ድረስ። ከሥሩ ትሪ ማድረግ ግድ ነው። የፈሰሰው ስኳር የኦቨኑን ወለል ከነካ ይጨሳል፤ ቡና በተቆላ ቁጥር የሚጮኸውን የጣሪያ ደወል ደግሞ እዚህ ያለ አበሻ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለቱም ፓዮች፣ የፍስኩም የጾሙም፣ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ወጡ። አስቸጋሪው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከኦቨን የወጣ ፓይ የተጠናቀቀ ይመስላል እንጂ ሆዱ ውስጥ ገና ፈሳሽ ነው። ከአፕሉ የወጣው ፔክቲንና ዱቄቱ ጭማቂውን አርግተው የሚይዙት ሲቀዘቅዝ ነው፤ ለዚህም ሦስት አራት ሰዓት ያስፈልጋል። ቤቱ በቀረፋና በኮረሪማ ታውዷል፤ እንግዳ ሞልቷል፤ ሦስት ሰዓት ቆዩ ይባላል! የባለቤቴ ወንድም 6 ሰዓት ላይ «ትኩሱን ነው እንጂ» ብሎ የፍስኩን ቆረሰው። ቁራሹ ሳህኑ ላይ ሲያርፍ ቂጣው ወደ አንድ በኩል፣ አፕሉ ወደ ሌላ በኩል ሄደ፣ ጭማቂው መሐሉን ያዘ። ሹካው ቀርቶ ማንኪያ ተጠየቀ። እናቱ አሻግረው አይተው «ልጄ፣ የቸኮለ...» ብለው የቀረውን ተዉለት።

የጾሙን ማንም አልነካውም። የቤቱ ሰው ሁሉ ሲጎመዥ፣ አማቴ አጠገቡ ወንበር አስጠግተው ጥጥ እየፈተሉ ጠበቁት። የአሜሪካ የምግብ መጽሐፍ ሁሉ የሚለምነውን፣ ማንም ቤት የማይፈጸመውን አራት ሰዓት የፈጸሙለት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ራሳቸው ቆረሱ። ቁራሹ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የአፕሉ ንብርብር አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ጭማቂው ወፈር ብሎ በየመሐሉ ይዞታል፣ የታችኛው ቂጣ እንኳ አልራሰም። ጎረሱና ትንሽ አሰቡ።

«ጨዉ ልክ ነው» አሉ።

በያይነቱ ቤት ሰልፍ የሚይዘው የማይጾመው ሰው መሆኑን አዲስ አበባ የኖረ ያውቃል። የፍስኩን በማንኪያ ሲቀዱ የዋሉት ሁሉ ሹካ ሹካቸውን ይዘው ወደ እማማ ጠረጴዛ ተጠጉ፤ መጀመሪያ ለመቅመስ፣ ቀጥሎ ያለ ምንም ሰበብ። ወንድምየው ለሁለተኛ ቁራሽ እጁን ሲዘረጋ፣ እናቱ በማንኪያቸው መታ አደረጉት።

«አንተ በቅቤህ ብላ።»